ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፦ የከተማ መለያ ሕንጻዎችን በድንግዝግዝ ብርሃን ፎቶ ማንሳት

ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ወዲያው አይጠቁርም። መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ሐምራዊ ይነካዋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ጥልቅ ሰማያዊ ይገባል። የከተማው መብራት የሚበራውም በዚያው ሰዓት ነው። ቀን ላይ መብራቱ ቢበራ እንኳ አይታይም። ሌሊት ደግሞ ሰማዩ ጥቁር ስለሚሆን የማማው ጫፍ የት ጋ እንዳለቀ አይለይም። በሁለቱ መካከል ግን የሰማዩና የመብራቱ ብርሃን እኩል የሚሆኑበት አጭር ጊዜ አለ። ለዓመታት ድልድይና ማማ ሳነሳ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ሥራው በሙሉ ለዚያች ጊዜ መዘጋጀት መሆኑን ነው። አንዱ ብርሃን እየወረደ ነው፣ ሌላው ባለበት ቆሟል፤ እኛ የምንጠብቀው የሚገናኙበትን ደቂቃ ነው።

ጊዜው ስንት ደቂቃ ነው?

የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ድንግዝግዙን በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ፀሐይ ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ እስክትወርድ ድረስ ያለው ነው። ሁለተኛው ከ6 እስከ 12፣ ሦስተኛው ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ነው። ለእኛ ወርቅ የሆነው የመጀመሪያው ማብቂያና የሁለተኛው መጀመሪያ፣ ማለትም ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ገደማ ያለው ነው። ፎቶ አንሺዎች «ሰማያዊው ሰዓት» የሚሉት ይህንን ነው፤ ስሙ ሰዓት ይሁን እንጂ ሙሉ ሰዓት የሚቆይበት ቦታ ጥቂት ነው።

ፀሐይ ምድር ወገብ አካባቢ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ የመጀመሪያው ድንግዝግዝ ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። 50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ባሉ ከተሞች አወራረዷ ሰያፍ ስለሆነ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆያል። በሰሜን ከ61 ዲግሪ በላይ ባሉት ደግሞ በሰኔ አጋማሽ ሌሊቱን ሙሉ አያልቅም።

የብርሃኑን ፍጥነት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ሰማዩ ጥርት ካለ ጀንበር በጠለቀችበት ደቂቃ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን 400 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ነው። ፀሐይ 6 ዲግሪ ስትወርድ የሚቀረው 3.4 ለክስ ነው። በሌላ አነጋገር ብርሃኑ በግማሽ በግማሽ እየተከፈለ ሰባት ጊዜ ያህል ቀንሷል። ምድር ወገብ አካባቢ ከሆኑ በየ3 ደቂቃው ግማሹ ይጠፋል ማለት ነው። ሌንስ ለመቀየርና ቦርሳ ውስጥ ባትሪ ለመፈለግ 3 ደቂቃ ምንም አይደለም፤ ሰማዩ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሰማይ ሆኗል።

ሰማያዊው ቀለም ራሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቁም ደስ ይላል። ቀን ላይ ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው አየሩ ሰማያዊውን ብርሃን አብልጦ መበተኑ ነው። ከጀንበር መጥለቅ በኋላ ግን ብርሃኑ በከባቢ አየር ውስጥ በአግድም ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ በመንገዱ ላይ ያለው ኦዞን ብርቱካናማውንና ቢጫውን ክፍል ይመጠዋል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዋርድ ኸልበርት እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ስሌት ከራስ በላይ ያለው ሰማይ በዚያ ሰዓት ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው በዋናነት በኦዞን ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ዕለቱ ደማቅ ጀንበር ባይታይበትም ተስፋ አይቁረጡ። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ በደመና በተሸፈነ ምሽት እንኳ ለጥቂት ደቂቃዎች ያ ሰማያዊ ይመጣል።

መጀመሪያ ቀን ላይ ሄደው ይዩት

ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘለው ይህን ነው፤ ጥሩ ፎቶ የሚያስገኘውም ይኸው ነው። ቦታውን በቀን ብርሃን ዞር ዞር ብለው ይመልከቱ። ሕንጻው ከየት ሲታይ ቅርጹ ይለያል? ከፊቱ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ? በሚያነሱበት አቅጣጫ ላይ በጣም ደማቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ? ምሽት ላይ አንድ ደማቅ ሰሌዳ ሙሉውን ፎቶ ይበላል።

ከሁሉም በላይ አቅጣጫውን ያረጋግጡ። ካሜራዎ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ከሕንጻው ጀርባ ያለው ሰማይ የፀሐይ ውጋገን ስላለበት ረዘም ላለ ጊዜ ብሩህ ሆኖ ይቆያል፤ ሁለቱ ብርሃኖች እኩል የሚሆኑትም ዘግይተው ነው። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ ሰማዩ ቀድሞ ይጨልማል፤ ስለዚህ ቀደም ብለው መጀመር አለብዎት። ኒው ዮርክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የማንሃተንን ረጃጅም ሕንጻዎች ከብሩክሊን በኩል የሚያነሳ ሰው ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፤ ሕንጻዎቹ በቀላው ሰማይ ፊት ጥላ ሆነው ይቆሙና ቀስ በቀስ በመስኮቶቻቸው ይበራሉ። ከሀድሰን ወንዝ ማዶ፣ ከጀርሲ ሲቲ የሚያነሳው ደግሞ ወደ ምሥራቅ እያየ ነው፤ የምዕራቡን ቅላት በመስታወቶቹ ላይ ያገኘዋል፣ ከጀርባቸው ያለው ሰማይ ግን ቀድሞ ይጠቁርበታል። ሕንጻዎቹ ያው ናቸው፤ ሰዓቱም ፎቶውም ግን ይለያያል።

ሰማዩ ጥርት ባለ ምሽት ወደ ምሥራቅ ከሆኑ ሌላም ስጦታ አለ። ጀንበር እንደጠለቀች አድማሱ ላይ ግራጫ ሰማያዊ ቀበቶ ከፍ ማለት ይጀምራል፤ ከላዩ ደግሞ ፈዛዛ ሮዝ ይዘረጋል። ግራጫው የምድር የራሷ ጥላ ነው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚታይ ቀድሞ ላልቆመ ሰው አይገኝም።

ከዚያ የመብራቱን ሰዓት ይወቁ። የመንገድ መብራት አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን በሚለካ መሣሪያ ራሱ ይበራል። የሐውልትና የታሪካዊ ሕንጻ የጌጥ መብራት ግን ብዙ ጊዜ በሰዓት ቆጣሪ ነው የሚሠራው፤ ቆጣሪው ደግሞ ከፀሐይ ጋር ላይስማማ ይችላል። አንድ ሐውልት ለማንሳት ከጀንበር መጥለቅ በፊት ቆሜ ብጠብቅ መብራቱ የበራው ሰማዩ ፍጹም ከጠቆረ በኋላ ነበር። ከወራት በኋላ፣ ቀኑ በረዘመበት ወቅት ተመለስኩ፤ ያን ጊዜ መብራቱና ሰማያዊው አብረው መጡ። አንድ ምሽት ቀደም ብሎ ሄዶ መብራቱ ስንት ሰዓት እንደሚበራ መመልከት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ፈቃድም አለ። በብዙ አደባባዮችና የሕንጻ ጣሪያዎች ላይ ካሜራ ይዞ መቆም ሲፈቀድ ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) መዘርጋት ግን ይከለከላል፤ ጠባቂው እስኪመጣ ከመጠበቅ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ፎቶውን ለንግድ የሚያውሉት ከሆነ የአገሩን ሕግ ይመልከቱ። የፓሪሱ ኤፍል ማማ እ.ኤ.አ. በ1889 የተጠናቀቀ ስለሆነ በቅርጹ ላይ የቅጂ መብት የለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የተተከለለት የምሽት መብራት ግን እንደ ጥበብ ሥራ ስለሚቆጠር የበራውን ማማ ፎቶ ለንግድ ለማሳተም ፈቃድ ይጠየቃል። ለራስ ማስታወሻ ማንሳት ችግር የለውም።

ምን ይያዝ?

ጠንካራ ትሪፖድ ከውድ ካሜራ ይበልጣል። ሸተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) ለብዙ ሰከንድ ስለሚከፈት ትንሽ መንቀጥቀጥ ሁሉን ያበላሻል። ሰፊ ሌንስ፣ ከ16 እስከ 35 ሚሊሜትር ያለው፣ ለአደባባይና ለድልድይ ይሆናል። እኔ ግን ከ70 እስከ 200 ያለውን ከርቀት ቆሞ መጠቀምን እመርጣለሁ፤ ሕንጻውን ከጀርባው ካለው ከተማ ጋር ያቀራርበዋል፣ ባዶ ሰማይንም ይቀንሳል። ሙሉ ባትሪ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ከተቻለም በርቀት የሚነካ መተኮሻ ይያዙ። ትንሽ የእጅ ባትሪም ያስፈልጋል፤ ዕቃ ሲሰበስቡ መሬቱ ጨልሟል።

ሌንሱ ላይ መከላከያ መስታወት ካለ ይፍቱት። የመብራት ነጸብራቅ በመስታወቱና በሌንሱ መካከል ተመላልሶ ሰማዩ ላይ አረንጓዴ ነጥቦች ይጥላል። ሌንሱንም በደንብ ይጥረጉ፤ ቀን ላይ የማይታይ የጣት አሻራ ማታ እያንዳንዱን መብራት ጭጋግ ያለብሰዋል።

ቦታ መያዝ

ጀንበር ከመጥለቋ ቢያንስ 45 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። ትሪፖዱን ሲዘረጉ የመሃል ምሰሶውን ዝቅ አድርገው ይተዉት፤ ወደ ላይ በተሳበ ቁጥር ይወዛወዛል። ድልድይ ላይ ከቆሙ ከባድ መኪና ሲያልፍ ወለሉ እንደሚርገበገብ ያስታውሱና ሸተሩን መኪናው ካለፈ በኋላ ይክፈቱ።

ካሜራውን ቀና ሳያደርጉ በልክ ያስተካክሉት። ሌንሱ ወደ ላይ ባዘነበለ ቁጥር የሕንጻው ግድግዳዎች ወደ ውስጥ ይጠጋሉ፤ ማማው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። መፍትሔው ወደ ኋላ መሸሽ፣ ወይም ከፍ ያለ ቦታ መፈለግ ነው። ሁለቱም ካልተቻለ ዙሪያውን ሰፋ አድርገው ያንሱ፤ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሲቃና ጠርዙ ይቆረጣልና ትርፍ ቦታ ይተዉለት።

ፎከሱን ብርሃን ሳለ ይጨርሱት። የሕንጻውን ጥርት ያለ ጠርዝ በስክሪኑ ላይ አጉልተው ፎከስ ያድርጉና ወደ ማንዋል (በእጅ ብቻ ወደሚስተካከለው) ይቀይሩት፤ ከዚያ በኋላ ቀለበቱን አይንኩ። ያለዚያ ካሜራው በጨለማ ፎከስ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲል ውዱ ደቂቃ ያልፋል። ሌንሱ መንቀጥቀጥ የሚከላከል ዘዴ ካለው ትሪፖድ ላይ ያጥፉት፤ በተለይ በቆዩ ሌንሶች ላይ ራሱ መንቀጥቀጥ ይፈጥራል።

የካሜራው አቀማመጥ

ፎቶው በ«ራው» (RAW፣ ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ በሚይዝ ፋይል) ይቀመጥ፤ ጄፔግ (የተጨመቀው የተለመደ ፋይል) የሰማዩን ሰማያዊና የመብራቱን ቢጫ አንድ ላይ ለማስታረቅ የሚያስፈልገውን መረጃ ይጥላል። ካሜራውን ማንዋል ላይ ያድርጉ። አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የመቀበል ንቃቱ) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8 መነሻ ይሁን፤ አብዛኛው ሌንስ ኤፍ 8 አካባቢ በጣም ጥርት ይላል። ሁለቱ ብርሃኖች ሲገናኙ በዚህ አቀማመጥ ሸተሩ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 8 ሰከንድ ላይ ያርፋል።

መብራቶቹ የኮከብ ጨረር እንዲያወጡ ከፈለጉ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 16 ይዝጉት። የጨረሩ ቁጥር በሌንሱ ውስጥ አፐርቸሩን በሚከፍቱና በሚዘጉ ቅጠሎች (ስስ ክንፎች) ቁጥር ይወሰናል፦ 8 ቅጠል ያለው 8 ጨረር፣ 9 ቅጠል ያለው ግን 18 ጨረር ያወጣል። ኤፍ 16ን ካለፉ ጥራቱ መድከም ይጀምራል።

ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ እንዲመስል ቀለሙን የሚያስተካክለውን) ለካሜራው አይተዉለት። ካሜራው ሰማያዊውን እንደ ስህተት አይቶ ሊያጠፋው ይሞክራል። የቆየ የሶዲየም መብራት 2000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ገደማ ሲሆን የድንግዝግዙ ሰማይ ከ10,000 ይበልጣል፤ ሁለቱን ገለልተኛ የሚያደርግ አንድ ቁጥር የለም፣ መኖርም የለበትም። ከ3500 እስከ 4500 ኬልቪን መካከል አንዱን ይምረጡና እዚያው ይቆዩ። ሰማዩ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ይሞቃል፤ የምንወደውም ይህንኑ ልዩነት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ያጥፉ፦ ለረጅም ተኩስ የሚሠራውን የኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚታይ ነጠብጣብ) ማጽጃ። ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ያንኑ ያህል ጊዜ ጥቁር ፎቶ ስለሚያነሳ 8 ሰከንዱ 16 ይሆናል። ብርሃኑ በዚህ ፍጥነት ሲሸሽ ግማሹን ጊዜ መስጠት አይገባም።

ደቂቃዋ ስትደርስ

ከጀንበር መጥለቅ ጀምሮ በየ2 ደቂቃው አንድ ፎቶ ያንሱ። ማሽኑ የሚለውን ሳይሆን ዓይንዎን ይመኑ፦ የበራውን ግድግዳና ከጀርባው ያለውን ሰማይ እያፈራረቁ ይዩ። ዓይንዎን ጨፈን ጨፈን አድርገው ሲያዩ ሰማዩ ከግድግዳው ትንሽ ጨለም ያለ ከመሰለዎት ደርሳለች። ከዚያ በኋላ ሳያቋርጡ ያንሱ።

በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ሂስቶግራሙን (የፎቶው ጨለማና ብርሃን እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳየውን ሥዕል) ይመልከቱ፤ ከተቻለ ሦስቱን ቀለሞች ለየብቻ የሚያሳየውን። ሞቃት መብራት ሲኖር ቀድሞ ከልክ አልፎ ዝርዝሩን የሚያጣው ቀዩ ነው። ነጭና ጥቁሩን ብቻ የሚያሳየው ሂስቶግራም ደህና ነው ሲልዎት የግድግዳው ድንጋይ ግን ወደ ቢጫ ድፍን ተለውጦ ይገኛል። የመብራቱ አምፖል ራሱ ነጭ ቢሆን ግድ የለም። መብራት ያረፈበት ግድግዳ ግን ዝርዝሩ መጥፋት የለበትም። ስለዚህ ብርሃኑን ለግድግዳው ይለኩና ሰማዩ እስኪደርስበት ይጠብቁ። ሰማዩ እየጨለመ ሲሄድ ሸተሩን ማርዘም ያጓጓል፤ መብራቱ ስላልቀነሰ ግን ባረዘሙት ቁጥር ግድግዳው ይቃጠላል። ሰማዩ ካለፈ አልፏል።

ልዩነቱ ከካሜራው አቅም በላይ ከሆነ ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ ሦስት ፎቶ ያንሱ፦ አንዱ እንደ ልኩ፣ አንዱ ሁለት ደረጃ የጨለመ፣ አንዱ ሁለት ደረጃ የበራ (አንድ ደረጃ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ወይም በእጥፍ መጨመር ነው)። ቀደም ሲል የተነሳን ሰማይ በኋላ ከተነሳ መብራት ጋር የሚያዋህዱም አሉ። እኔ በአንድ ተኩስ የተገኘውን አብልጬ እወዳለሁ። ሁለት ሰዓት ተጣብቆ የተሠራ ሰማይ ብዙ ጊዜ ያሳብቃል፤ ውሃው ላይ ያለው ነጸብራቅ ከሰማዩ ጋር አይስማማም።

ሸተሩን በጣት አይጫኑ። መተኮሻ ከሌለዎት ካሜራውን በ2 ሰከንድ ቆይታ እንዲተኩስ ያድርጉት።

ብልጭ ድርግም ለሚል መብራት የተለየ ሐሳብ ያስፈልጋል። ኤፍል ማማ ከመሸ በኋላ በየሰዓቱ መግቢያ ላይ ለ5 ደቂቃ ይብለጨለጫል፤ 8 ሰከንድ ከከፈቱ ብልጭታዎቹ ተደራርበው ማማውን ነጭ ያደርጉታል። እንዲህ ሲሆን አይኤስኦውን ከፍ አድርገው ሸተሩን ከአንድ ሰከንድ በታች ያውርዱት።

መኪና፣ ውሃና ጨረቃ

የመኪና መብራት መስመር ሠርቶ እንዲያልፍ ከፈለጉ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 11 ወይም 16 መዝጋት ጊዜውን ይሰጥዎታል። የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ ከመሆኑ ትንሽ ቀድመው ይክፈቱ። ቀይ የኋላ መብራት የሚሄድበት ጎን ነጩ ከሚመጣበት ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ሕንጻው ላይም አይሻማም። በዚህ ርዝመት የሚራመድ ሰው ይጠፋል፣ የቆመ ሰው ግን ይቀራል፤ አንድ ሰው ፊትዎ ቆሞ ስልክ እያየ ከሆነ እስኪሄድ መታገስ ነው።

ዝናብ ካባራ በኋላ ይውጡ። እርጥብ አስፋልት ጥቁር የነበረውን የፎቶውን ታችኛ ግማሽ በብርሃን ይሞላዋል። ሌንሱን ወደ መሬት አስጠግተው ካነሱ አንዲት ትንሽ ኩሬ ሙሉ ማማ ትይዛለች።

ጨረቃን ከሕንጻ ጋር ለማንሳት የሚመረጠው ምሽት ሙሉ ከመሆኗ አንድ ቀን ቀደም ያለው ነው። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ጀንበር በምትጠልቅበት ሰዓት አካባቢ ነው፤ በየቀኑ ደግሞ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ስለዚህ በዋዜማው ሰማዩ ሳይጨልም ከፍ ብላ ትገኛለች፣ ብርሃኗም ከከተማው ጋር ይመጣጠናል። በ2 ደቂቃ ገደማ የራሷን ስፋት ያህል ስለምትጓዝ በረጅም ሌንስ ሸተሩን ከአንድ ሰከንድ በታች ያድርጉት፤ አለዚያ እንቁላል ትመስላለች።

በመስታወት ጀርባና በስልክ

ከሕንጻ ላይ በመስታወት በኩል የሚያነሱ ከሆነ ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር ያጣብቁትና ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ ወይም በጥቁር ጃኬት ይሸፍኑ። የክፍሉ መብራት ነጸብራቅ የሚጠፋው በዚህ ነው።

ስልክም ይችላል። የስልኩ የሌሊት ፎቶ ዘዴ (ናይት ሞድ) በትሪፖድ ላይ ወይም አጥር ላይ ተደግፎ ሲቆም ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፣ ጥራቱም ይጨምራል። የበራው ግድግዳ ላይ ጣትዎን ይዘው ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፉ፣ ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ ያድርጉት። ስልኮች ምሽቱን ቀን ለማስመሰል ይሞክራሉና። በጣት ጎትተው አያጉሉት፤ ወደ ሕንጻው ይጠጉ።

ጎህ ሲቀድም ይኸው ብርሃን በተገላቢጦሽ ይመጣል። ነፋሱ ያነሰ፣ ውሃው የረጋ፣ አደባባዩ ባዶ ነው። ያለው ስጋት የጌጥ መብራቱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጠፍቶ መገኘቱ ብቻ ነው፤ አስቀድመው ያጣሩ። ፎከስ ግን በጨለማ ስለሚጀመር ሩቅ ያለ ደማቅ መብራት ላይ ያድርጉት።

ኮምፒውተር ላይ

ብዙ መንካት አያስፈልግም። ዘንበል ያሉትን ግድግዳዎች ያቃኑ፣ እጅግ የደመቁትን ክፍሎች ትንሽ ያብርዱ፣ ጥላውን በጥቂቱ ይክፈቱ። ሰማያዊውን ማድመቅ ላይ ይጠንቀቁ፤ ሰማዩ ቀለም የተቀባ ጣሪያ ከመሰለ አልፈዋል። ማታውኑ ቢያርሙትም ለማንም ከመላክዎ በፊት ጠዋት በቀን ብርሃን ድጋሚ ይክፈቱት። በጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪኑ ከሚገባው በላይ ብሩህ ስለሚመስል፣ ማታ የታረመ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ጨልሞ ይገኛል።